የጭሱን ካሳ እየከፈሉ ምርምሩን መዝጋት፦ በፔንታጎን የሕክምና ምርምር በጀት ላይ የተነሳው ክርክር

ሰላም ለቤቱ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት የአሜሪካ ፖለቲከኞች የቤት ጣጣ ይመስላል። ግን ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ የምንኖር ሰዎች ብዙዎቻችን በአንድም በሌላም መንገድ ይነካናል። የምርምር ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ የምንሠራ አለን። ልጆቻችን ሠራዊቱ ውስጥ ያገለገሉ አለን። ካንሰር ደግሞ ሰው መርጦ አይመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በጀት ውስጥ ለካንሰርና ለሌሎች ከባድ በሽታዎች ምርምር የሚውል ገንዘብ አለ። ሲዲኤምአርፒ በሚል ምህጻር ይጠራል። ኮንግረስ በየዓመቱ መድቦ ሠራዊቱ እንዲያስተዳድረው የሚሰጠው ነው። ቢሮው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬደሪክ ከተማ፣ ፎርት ዴትሪክ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። በ2024 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበረው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በማርች 2025 የጸደቀው የዓመቱ በጀት ግን ወደ 650 ሚሊዮን አወረደው። 57 በመቶ ተቆረጠ ማለት ነው። በዚያው ሕግ የመከላከያው ጠቅላላ በጀት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨምሯል።

ከተቆረጡት የካንሰር ምርምሮች ውስጥ ሦስቱ ጭራሽ ዜሮ ሆኑ። የሳንባ ካንሰር ምርምር 25 ሚሊዮን ነበረው፣ የቆሽት 15 ሚሊዮን፣ የኩላሊት 50 ሚሊዮን። ለ2025 አንድም ዶላር አልተመደበላቸውም።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። በኦገስት 2022 ፓክት የተባለው ሕግ ወጥቷል። ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱ ወታደሮች በየጦር ሰፈሩ ከሚቃጠለው ቆሻሻ የተነሳ ጭስ ሲተነፍሱ ከርመዋል። ሕጉ በዚያ ጭስ ምክንያት እንደመጡ የሚቆጠሩ ካንሰሮችን ዘርዝሯል። የኩላሊት አለበት። የቆሽት አለበት። የመተንፈሻ አካል ካንሰር በሙሉ አለበት። መንግሥት እነዚህ በሽታዎች ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን በሕግ ተቀብሎ ካሳ እየከፈለ ነው። ታዲያ ሠራዊቱ በእነዚሁ በሽታዎች ላይ የሚያካሂደውን ምርምር እንዴት ዜሮ ያደርጋል? ይህ ትልቅ በደል ነው እላለሁ። የተለየ ሐሳብ ያለው ይጻፍ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የጨመርኩት ክሩ (በዚህ ጽሑፍ ሥር የመጣው የመልስ ሰንሰለት) ከረዘመ በኋላ ነው። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ መልስ ያገኘውን ደግመው እየጠየቁ ስለሆነ፣ እስካሁን የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እየጠራሁ እተርካለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል እያደረግኩ ነው የምሄደው።

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነበር። ወንድማችን የካንሰር ምርምር ጦር ሠራዊት ቤት ምን ሊሠራ እንደገባ ነው የጠየቀው። 2ኛው ቀበል አድርጎ ፔንታጎን ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ይህንንም ገንዘብ ለራሱ ለምኖ ያመጣው መሆን አለበት ሲል ደመደመ።

3ኛው መልስ ይህን አረመው። ጸሐፊዋ የሕዝብ ጤና ያጠናች ናት፣ ነገሩንም ከሥሩ ታውቀዋለች። ይህ ገንዘብ ፕሬዚዳንቱ ወደ ኮንግረስ በሚልከው የበጀት ጥያቄ ውስጥ እንደማይገባ አስረዳች። በየዓመቱ የሚጨምረው ኮንግረስ ራሱ ነው። አንድ ዓመት ዝም ካለ ፕሮግራሙ ይቀራል።

ከዚያ ታሪኩን ነገረችን። በ1991 የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ተሰባስበው ብሔራዊ የጡት ካንሰር ጥምረትን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ወደ ዋሽንግተን 600 ሺህ ደብዳቤ አስገቡ። የጠየቁት ተጨማሪ የምርምር ገንዘብ ነበር። በጊዜው ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ነበር። በ1990 የወጣው የበጀት ሕግ ግን ከመከላከያ ወደ አገር ውስጥ ጉዳዮች ገንዘብ ማዛወርን ይከለክላል። ሴናተር ቶም ሃርኪን ገንዘቡን ለማዛወር ሞክረው አልተሳካላቸውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። ገንዘቡ እዚያው መከላከያ ውስጥ ሆኖ የጡት ካንሰር ምርምር እንዲሠራበት ተደረገ። ለ1993 የበጀት ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ፕሮግራሙ የተወለደው እንዲህ ነው። የፕሮስቴት፣ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል እጢ)፣ የሳንባ፣ ኤኤልኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታና የሌሎቹም ፕሮግራሞች በኋላ በዚሁ በር ነው የገቡት።

እኔ ይህን ታሪክ በዚህ መልክ ሳነበው የመጀመሪያዬ ነበር። ገንዘቡ ከጄኔራሎች ዘንድ አልመጣም። ያመጡት በኬሞ ፀጉራቸው የረገፈ ሴቶች ናቸው።

4ኛ ላይ የጻፉት አንድ አባት ናቸው። ልጅቷን አመስግነው መርቀዋል። ሠራዊትና ሕክምና ድሮም ተለያይተው እንደማያውቁ አስታወሱን። ሜጀር ዋልተር ሪድና ባልደረቦቻቸው ኩባ ላይ ቢጫ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጡት በ1900 ነው። ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ ጎዳና ላይ የነበረው የቀድሞው የሠራዊቱ ሆስፒታል የተሰየመው በእኚሁ ሰው ነው። እኚህ አባት ለብዙ ዓመታት በዚያ በር ታክሲ ነድተዋል። በ2011 ሲዘጋ የመጨረሻዎቹን ሠራተኞች ካደረሱት ውስጥ አንዱ እንደነበሩ ጽፈዋል።

5ኛዋ ነርስ ናት፣ የኬሞ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ሄርሴፕቲን የተባለውን መድኃኒት አነሳች። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ100 ከ15 እስከ 20 ያህሉ ሄር ቱ የሚባለው ፕሮቲን የሚበዛበት ዓይነት አላቸው። ድሮ ይህ ዓይነት ሲገኝ ሐኪሙም ታማሚውም አንገታቸውን ይደፉ ነበር። መድኃኒቱ በ1998 ጸደቀ። ካሊፎርኒያ ላይ ዶክተር ዴኒስ ስላሞን ላካሄዱት ምርምር ከረዱት የገንዘብ ምንጮች አንዱ ይኸው የሠራዊቱ ፕሮግራም ነው። ነርሷ ዛሬ በየሦስት ሳምንቱ ይህንኑ ከረጢት ስትሰቅል የምትውልባቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ሲያስመርቁ ፎቶ ያሳዩዋታል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። 6ኛው መልስ ነው ነገሩን ያካረረው።

ጸሐፊው በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ስሜት ሳያስገባ ነው የተከራከረው። መከላከያ አገር ይጠብቅ፣ የጤና ምርምር ደግሞ ለብሔራዊ የጤና ተቋም ይተው ነው ሐሳቡ። ያ ተቋም በዓመት ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ አለው። ሁለት ቢሮ አንድ ዓይነት ሥራ ለምን ይሠራል? ምስክር አድርጎ የጠራውም ሴናተር ጆን ማኬይንን ነው። የሴኔቱን የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሲመሩ በነበረ ጊዜ ከውጊያ ጋር ያልተያያዘ ምርምር ከመከላከያ በጀት እንዲወጣ ታግለዋል። ማኬይን ደግሞ የጦር እስረኛ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ወታደርን ይጠላሉ ሊባል አይችልም።

7ኛው መልስ ስለታም ነበር። ማኬይን ራሳቸው በ2018 የሞቱት በአንጎል ካንሰር መሆኑን ጠቅሶ፣ 6ኛው ሰው ሕሊናውን እንዲመረምር አዘዘው። ሌላም ለመድገም የማይመች ቃል ጨምሯል። 8ኛ ላይ ቅድም የጻፉት አባት ተመልሰው ልጁን ገሠጹት። በሰው ሞት መከራከር ነውር መሆኑን፣ 6ኛው ሰው የጠየቀው የገንዘብ ጥያቄ መሆኑንና መልሱም በዚያው መሰጠት እንዳለበት ነገሩት። ልጁ ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የ6ኛው ሰው ጥያቄ በእኔ ሐሳብ ላይ የቀረበ ከባዱ ጥያቄ ነው፣ በስድብ አይመለስም።

ደህናውን መልስ ያመጣው 9ኛው ነው። የሠራዊቱ የጤና መድን ወደ 9 ሚሊዮን ተኩል ሰው ይሸፍናል። በሥራ ላይ ያለው ወታደር ብቻ አይደለም፤ ሚስቱ፣ ባሏ፣ ልጆቻቸው፣ ጡረተኛው ሁሉ አለበት። የጡት ካንሰር የያዛት የሳጅን ሚስት ሕክምናዋን የሚከፍለው ይኸው መከላከያ ነው። ስለዚህ በሽታው ከሠራዊቱ ጋር አይገናኝም ማለት ውሃ አይቋጥርም። ማኬይንም በ2016 ያቀረቡትን ገደብ ሴኔቱ አልተቀበላቸውም። ሴናተር ዲክ ደርቢን ገደቡ እንዲወጣ ያቀረቡት ማሻሻያ 66 ለ32 አልፏል። ከሁለቱም ፓርቲ ድጋፍ ነበረው። 9ኛው ሰው ሌላም ስሌት አስቀመጠ። ከመቆረጡ በፊት እንኳ ፕሮግራሙ ከመከላከያው 1,000 ዶላር ውስጥ 2 ዶላር አይሞላም ነበር።

10ኛው መልስ ከመጣ በኋላ ክሩ ለረጅም ሰዓት ጸጥ አለ።

ጸሐፊው ኢራቅ ዘምቶ የተመለሰ ሐበሻ ነው። ባላድ በሚባለው ትልቅ ጦር ሰፈር ነበር። የቆሻሻ ማቃጠያው ጉድጓድ በአገሩ ካሉት ሁሉ ትልቁ እንደነበር በብዙ ቦታ ተጽፏል። እሱ ግን የጻፈው ያየውን ነው። የሚጣለውን በዓይኑ እንዳየ ዘረዘረልን፦ የመኪና ጎማ፣ ባትሪ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የምግብ ሳህን፣ ከሕክምና ክፍል የሚወጣ ፋሻና መርፌ። ከላይ የአውሮፕላን ነዳጅ ይርከፈከፍበትና ይለኮሳል። ቀንም ሌትም አይጠፋም። ነፋሱ ወደ ድንኳኖቹ የዞረ ዕለት ጠዋት ሲነሱ አንሶላው ላይ ግራጫ አመድ ያገኛሉ። አራግፈው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። አክታቸው ጥቁር ነበር፣ ግን ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሆነ ማንም አላስተዋለውም።

አንድ ድንኳን ያደሩት ጓደኛው በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የኩላሊት ካንሰር ተገኘበት። በፓክት ሕግ ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቶ ካሳው በየወሩ ይገባለታል። በሽታው ግን ወደ ሳንባው ተዛምቷል። ሐኪሙ የሙከራ መድኃኒት እየፈለገለት ነው። ወንድማችን የጻፈው ቁጣ የሌለበት ነው። ጓደኛው ቼኩን እንዳልናቀ፣ የሚፈልገው ግን ዕድሜ እንደሆነ ብቻ ነው ያስታወቀን።

እኔ በመነሻ ጽሑፌ ላይ በሕግና በቁጥር ያልኩትን ይህ ሰው በአንድ አንሶላ አሳየን። ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ የጻፈ ሰው ሁሉ እሱን እየጠቀሰ ነው የጻፈው።

11፣ 12 እና 13 ለጓደኛው ምሕረት የተመኙ ናቸው። 13ኛው በዚያው ጠመም ብሎ የራሱን ወንድም ጉዳይ አነሳ። ወንድሙ ኩዌት የነበረ ነው፣ ካሳ ለማግኘት ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልገው ጠየቀ። 14ኛዋ በትዕግሥት መለሰችለት። በሕጉ የተዘረዘረ በሽታ ከሆነና በተባለው ቦታና ጊዜ ማገልገሉ ከታወቀ፣ ጭሱ እንዳሳመመው በግሉ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሕጉ የወጣው ያንን ሸክም ለማንሳት ነው። ቶሎ እንዲያመለክትም መከረችው።

15ኛው መልስ የተሳሳተ ወሬ ይዞ መጣ። በቅነሳው ምክንያት በመካሄድ ላይ ያሉ ጥናቶች ገንዘብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተነጥቋል ሲል አስፈራራን። 16ኛው አስተካከለው። የዚህ ፕሮግራም ገንዘብ ጥናቱ ሲሸለም ሙሉ ለሙሉ ነው የሚታሰረው። በ2023 ያሸነፈ ላብ ገንዘቡን ይዞ ይቀጥላል። የተዘጋው የአዲስ ማመልከቻ በር ነው። በቀላሉ የሚደባለቅ ነገር ስለሆነ ልብ በሉት።

ታዲያ ያን ያህል አይጎዳም ማለት ነው? ይህን የመለሰችው 17ኛዋ ናት። ሜሪላንድ ውስጥ የላብ ቴክኒሽያን ናት፣ የቆሽት ካንሰር ላይ ነው የሚሠሩት። ሥራዋን አንድ በአንድ ገለጸችልን። የሚጠኑት አይጦች ተራ አይጦች አይደሉም። ዕድሜያቸው ሲገፋ ሰው ላይ እንደሚታየው ያለ የቆሽት ዕጢ እንዲያወጡ ዘራቸው የተለወጠ ነው። እያንዳንዱ ጎጆ የቀን ኪራይ አለው። ጥቂት አይጥም ይኑርበት ብዙ ሒሳቡ ይመጣል። ግራንቱ (ለጥናቱ የተሰጠው ገንዘብ) ሊያልቅ ወራት ሲቀሩትና ተተኪው አለመኖሩ ሲታወቅ መጀመሪያ የሚቆመው መራባቱ ነው። ከዚያ አለቃዋ በየሳምንቱ መዝገቡን ይዘው ይመጣሉ። የትኛው ጎጆ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚወገድ በካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። የተወሰነው ፅንስ በፈሳሽ ናይትሮጂን ይቀመጣል፣ የቀሩት ይገደላሉ። በኋላ ገንዘብ ቢገኝ ዘሩን መልሶ ለማቆም ብዙ ወር ይፈጃል። እርሾው ከተደፋ በኋላ ዱቄት ቢመጣ በማግስቱ እንጀራ አይጋገርም። በዚህ መሀል ፖስትዶኩ (ዶክትሬቱን ጨርሶ ላቡ ውስጥ የሚመራመረው) ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል፣ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ።

የቆሽት ካንሰር የተገኘበት ሰው አሜሪካ ውስጥ እንኳ 5 ዓመት የመቆየት ዕድሉ ከ100 13 ገደማ ነው። በዚህ በሽታ ላይ አንድ ዓመት ማባከን ምን ማለት እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

18ኛው መልስ ጉዳዩን ወደ አገር ቤት ወሰደው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የዋልተር ሪድ የምርምር ተቋም ለወባ ብዙ እንደሠራ አነሳ። ታፌኖኩዊን የሚባለው መድኃኒት በ1978 የተገኘው በዚያ ተቋም ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ እየቆየ ይመላለሳል፤ መድኃኒቱ ያንን የተደበቀውን ያጠፋል። ድሮ 14 ቀን የሚወሰደውን ኪኒን በአንድ ጊዜ መጠን ተክቶ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ኢትዮጵያ ቫይቫክስ በብዛት ከሚገኝባቸው ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ መድኃኒቱ በሰው ላይ ከተሞከረባቸው አገሮችም አንዷ ነበረች። 19ኛዋ (ያቺው የ3ኛው መልስ ጸሐፊ) ታሪኩ እውነት መሆኑን አጽድቃ፣ ግን ኪሱ ሌላ መሆኑን አስረዳች። የወባው ሥራ የሠራዊቱ የራሱ ቋሚ ምርምር ነው፣ ኮንግረስ ከሚጨምረው ገንዘብ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መከራከር በኋላ እንደሚያስረታ አስጠነቀቀች።

20 እና 21 በዚያው ጠፍተው ሄዱ። አንዱ ልጅ ሆኖ መተሐራ ላይ የያዘውን ወባ፣ ሌላው የኪኒን ምሬት እያወጉ ነበር። ወሬው ደስ ይላል፣ ግን እባካችሁ ለብቻው ክር ክፈቱለት ብዬ መለስኳቸው።

22ኛው መልስ በጣም ቆጣ ያለ ነው። አገራችን ላይ ታማሚ ለጨረር ሕክምና ስንት ጊዜ ወረፋ እየጠበቀ፣ እኛ ለአሜሪካ ጦር በጀት ማልቀሳችን አሳፋሪ ነው ባይ ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል እንደነበር አስታወሰ። እህቱን ያጣው በዚያ ወረፋ ላይ ነው።

23ኛው ከነገሩ ጦም እደሩ ዓይነት መልስ ሰጥቶ አለፈ። ያንን አልወደድኩትም። እህቱን የቀበረ ሰው እንዲህ አይመለስለትም። 24ኛዋ፣ ነርሷ፣ ተመልሳ መጣች። መጀመሪያ ነፍስ ይማር ብላ ሐዘኑን ተካፈለች። ቀጥላም ቅድም የጠቀሰችው የጡት ካንሰር መድኃኒት በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ገለጸች። እዚህ ላብ ውስጥ የተጀመረ ነገር ዘግይቶም ቢሆን አገር ቤት ይደርሳል። እዚህ የተቋረጠ ምርምር ግን እዚያም አይደርስም። 22ኛው ሰው ድጋሚ አልጻፈም። ቢጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ንዴቱ የእኔም ንዴት ነውና።

25ኛው አባቱን በፕሮስቴት ካንሰር የሚያስታምም ልጅ ነው። የፕሮስቴቱ ፕሮግራም ከ110 ሚሊዮን ወደ 75 ሚሊዮን ወርዷል፣ የኦቫሪው ደግሞ ከ45 ወደ 15። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከነጮች ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን ጠቅሶ፣ ይህ ለእኛም የቤታችን ጉዳይ መሆኑን ጻፈ። አባቱ አሁን የሚወስዱት ኤንዛሉታማይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ሙከራውን ካካሄዱት የሆስፒታሎች ትስስር ጀርባ የዚሁ ፕሮግራም ገንዘብ ነበር።

በ26ኛው መልስ የሒሳቡ ሰው ተመለሰ። የወታደሩን ጽሑፍ አንብቦ ልቡ እንደተነካ ገለጸ። አቋሙን ግን አልለቀቀም። ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ፣ በየዓመቱ በልመና ከሚኖር ለምን በቋሚነት ወደ ብሔራዊ የጤና ተቋም አይዛወርም? በአንድ የበጀት ድርድር ዜሮ የሚሆን ነገር ላይ የሰው ሕይወት መንጠልጠል የለበትም ነው የሚለው።

በግማሹ እስማማለሁ። ችግሩን በትክክል አይቶታል። ነገር ግን ብሔራዊው ተቋምም በዚያው ዓመት በእሳት መሀል ነበር። ዋይት ሀውስ ለ2026 ባቀረበው ጥያቄ የተቋሙ በጀት 40 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ ሐሳብ አቅርቧል። ከሠራዊቱ የተቆረጠውን ያ ተቋም ያነሳዋል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ደግሞም ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። የሠራዊቱ ፕሮግራም ገና ብዙ ማስረጃ የሌለውን ደፋር ሐሳብ በትንሽ ገንዘብ መሞከርን ሥራዬ ብሎ ይዟል። ከሁሉ በላይ የሚለየው ነገር ግን 27ኛው መልስ ላይ የመጣው ነው።

27ኛዋ የጡት ካንሰር ያለፈባት እናት ናት። ምሁር ነኝ አላለችም፣ የቀን መዋያ ነው የምታስተዳድረው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የምርምር ማመልከቻ ከሚገመግሙት አንዷ ሆና ተቀምጣለች። ከሳይንቲስቶቹ ጋር እኩል ድምፅ ነበራት። ማመልከቻዎቹ ውስጥ ያለውን መናገር ስለማይፈቀድላት አልነገረችንም። አሠራሩን ግን ገለጸች። እያንዳንዱ ተመራማሪ ሥራውን ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ በአጭሩ መጻፍ አለበት። እሷ ማታ ማታ ልጆቿ ከተኙ በኋላ እያነበበች አስተያየቷን ጻፈች። የምትመዝነው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጥናት ቢሳካ በበሽታው ለተያዘ ሰው ምን ይለውጣል? ስብሰባው ላይ አንድ ፕሮፌሰር ስለ አንድ የሕክምና ዓይነት ጎጂ ጎን ቀለል አድርገው ሲያልፉ እጇን አወጣች። ያንን ሕክምና ወስዳዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቶቿ ደንዝዘው የልጇን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ነበር። ክፍሉ ሰማት። ውይይቱም በዚያው ዞረ።

ደብዳቤ ያስገቡት ሴቶች ያተረፉት ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ይህንንም ወንበር ነው። ቅነሳውን በቁጥር ብቻ ስናወራ ይህ ይረሳናል፤ ለአንድ በሽታ ገንዘብ ሲጠፋ የታማሚው ወንበርም አብሮ ይጠፋል።

28ኛው እንዲህ ያለ ገምጋሚ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። 29ኛ ላይ ያቺው እናት መለሰችለት። በሽታው ያለበት ወይም ያለፈበት ሰው፣ ወይም አስታማሚ መሆን ያስፈልጋል። ማመልከቻ በግል አይገባም፤ የታማሚዎች ማኅበር፣ የድጋፍ ቡድን ወይም የቀድሞ ወታደሮች ድርጅት ነው የሚያቀርበው። ሐበሾች እምብዛም አላየችም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ያሉት የጤና ኮሚቴዎች ከነዚህ ማኅበራት ጋር ቢገናኙ መልካም ነው የሚል ሐሳብ አቀረበች። እንደ እሷ ዓይነቱ መንገድ ለጡት፣ ለፕሮስቴትና ለኦቫሪ አሁንም አለ። ለቆሽት፣ ለኩላሊትና ለሳንባ ግን በ2025 የራሳቸው ገንዘብ የሚገመገምበት ስብሰባ አልነበረም።

30ኛው መልስ የወታደሩ ነው። ስለ ጓደኛው የጠየቁትን አመስግኖ አንድ ነገር አሳሰበን። የሜሪላንዱ ሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን የሴኔቱ የበጀት ድልድል ኮሚቴ አባል ናቸው። ቢሯቸው ስልክ ያነሳል። ደዋዩ የሚኖርበትን ዚፕ ኮድ ይጠይቃሉ፣ የፈለገውን ጉዳይ ይመዘግባሉ። እሱ ደውሎ የሦስቱን ካንሰሮች ስም አስመዝግቧል። እኔም ደውያለሁ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም። በአማርኛ ብቻ የምትናገሩ ወላጆች ካሏችሁ አጠገባቸው ሆናችሁ ደውሉላቸው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ተወካዮች ፈልጋችሁ የቢሯቸውን ስልክ እዚሁ ክር ላይ አስቀምጡልን።